አባቴ የጣላቸው አውሮፕላኖች

ልጄ ናትናኤል የአያቱን መሣሪያ ጨዋታ ውስጥ ሊያስገባ ተነሥቷል። ጨዋታው የኮምፒውተር ነው፤ በታንክና በጦር መኪና እየተሳደዱ የሚታኮሱበት፣ በየአገሩ ያለ የቤት ሥራውን ያልጨረሰ ልጅ ሁሉ የሚገናኝበት። ተጫዋቾቹ «እንዲህ ያለ መኪና ይጨመርልን» ብለው ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ አሉ። ሌሎቹ ከወደዱት ድምፅ ይሰጡታል፣ ድምፅ ከበዛለት የጨዋታው ባለቤቶች ይሠሩታል። ናትናኤል ሊያቀርብ ያሰበው ኦራል መኪና ላይ የተጠመደ ዙ-23 ነው፤ ባለ ሁለት አፈሙዝ ፀረ አውሮፕላን። ማስረጃም አለው። ባለፈው ሳምንት የገብርኤል ሥዕል ከግድግዳ ወድቆ መስተዋቱ ሲሰበር፣ ነፍሷን ይማርና እናቴ ከኋላው የደበቀችው ፎቶግራፍ ወጣ። ፎቶው ላይ የተኳሹ ወንበር ላይ የተቀመጠችው፣ ሁለት የፊት ጥርስ የሌላት፣ አገጯን ወደ ላይ የሰቀለችው ልጅ እኔ ነኝ።

«እማ፣ ይኼን የመሰለ ነገር እያለን እስከ ዛሬ እንዴት አልነገርሽኝም?» አለኝ፤ ተቆጥቶ ነበር።

ምን ብዬ ልንገረው። ድስቱ አረረብኝ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ያረረ ነገር አልነበረም።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሰማንያ ሦስት ዓ.ም.። የምንኖረው ሐረር ግንቡ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ በጋሽ ከድር ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ጋሽ ከድር ጊደር መጋላ ገበያ ላይ እህልና ሽንኩርት የሚነግዱ የሐረር ሰው ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ቡሽራ ከእናቴ ከጥሩወርቅ ጋር አንድ ገበያ ሄደው፣ አንድ ምድጃ ላይ ሠርተው የሚውሉ ሴቶች ነበሩ። ልጃቸው አማል እኩያዬ ናት፤ ጠዋት ተጣልተን ከሰዓት እንታረቃለን፣ ማታ እንደገና እንጣላለን። ቤት ውስጥ በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ፤ እኔ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን ከፊታቸው አነባለሁ፣ የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ። ይኼ ከራስ መሙላት የሚባለው አመል ምን እንደሚያመጣ ያኔ የነገረኝ የለም።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ኃይለመስቀል የፀረ አውሮፕላን ተኳሽ ነበር። ሐረር ተመድቦ እናቴን ሐረር አግብቶ፣ እኔ ገና ስድብ ሳልለይ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄደ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ አባት ማለት ለእኔ ስለ እሱ የሚወራ ወሬ ነበር። ክፍሉ ተበታትኖ የተረፈው ወደ ምሥራቅ ሲመለስ እሱም መጣ፤ ግራ ጆሮው አይሰማም፣ ሌሊት ሌሊት ይባንናል፣ ሲበላ ሳህኑን አያይም። ከመጣ በኋላም ስለ እሱ የሚወራውን ወሬ አልተውኩትም፤ ወሬውን ነበር የምወደው መሰለኝ።

አንድ እሑድ መሣሪያውን ራሱን ይዞት መጣ። መኪናው በጠባቡ መንገድ ሊገባ ስለማይችል ከፈላና በር ውጭ አቆሙት፤ ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጋሽ ከድር ብቻ ሱቃቸው ነበሩ። አባቴ አንሥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ብረቱ በፀሐይ ግሎ ጭኔን ለበለበኝ፣ የግሪስ ሽታው ለብዙ ቀን ከቀሚሴ አልለቀቀም። መተኮሻው በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው፤ እግሬን ብዘረጋ ብዘረጋ አልደርስበት አለኝ። አፈሙዙ ላይ በነጭ ቀለም የተቀቡ ቀለበቶች ነበሩ። ቆጠርኳቸው፤ ሰባት።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አልኩ።

የመለሰልኝ አባቴ ሳይሆን ጓደኛው ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ አጉራሽ ነበር፤ ጥይቱን የሚሞላው ማለት ነው። ቀልድ ሳይቀላቅል ውኃ እንኳ አይጠይቅም።

«አውሮፕላን ናቸው! አባትሽ ሰባት የወንበዴ አውሮፕላን አርግፏል። ስምንተኛው ሲሸሽ አምልጦን ነው» አለ፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ።

አባቴ አልሳቀም፤ ግን ሐሰት ነውም አላለም። ከሸዋ በር የመጣው ፎቶ አንሺ «አገጭሽን ቀና!» አለኝ፤ ቀና አደረግኩት። ያቺ አገጭ እስከ ግንቦት ድረስ አልወረደችም። ክፍል ውስጥ ለመምህራችን ለአቶ በቀለ ተነሥቼ ተናገርኩ፤ የአባቴን ሰባት አውሮፕላኖች አንድ በአንድ፣ የየትኛው ክንፍ ተቆርጦ የት እንደወደቀ ጭምር። አቶ በቀለ ለረጅም ጊዜ ዐይተውኝ «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» አሉ። ዛሬ እኔም መምህር ነኝ፤ አንድ ልጅ የማይነካ ነገር ሲነካ እንዴት እንደሚታለፍ ዐውቃለሁ።

ግንቦት ላይ ሬዲዮው ጠባዩን ለወጠ። ማርሹ ቆመ፣ የሚያነበው ሰው ድምፅ ተለወጠ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ሬዲዮውን ከበው እየተያዩ ዝም ይሉ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የቀረ የሰው ሱሪ ለብሶ በጓሮ በር ገባ። እናቴ የደንብ ልብሱን እየቀደደች እሳት ውስጥ ጨመረችው፤ ቁልፎቹን ግን ለቅማ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣለቻቸው። እትዬ ቡሽራ የባላቸውን ሽርጥና ሸሚዝ አመጡ። አባቴ ሽርጥ መታጠቅ ሲያቅተው ከአማል ጋር ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

«ዙ-23ቱስ?» አልኩት።

«ሜዳ ላይ ቀረ።»

«ማን ይጠብቀዋል?»

«የሚጠብቀው አያጣም» አለና ሽርጡን እንደገና ማሰር ጀመረ።

ታጋዮቹ ከተማ ገቡ። ቁምጣና የላስቲክ ጫማ፣ ጎፈሬ ጠጉር፣ ከእኔ ትንሽ ከፍ የሚሉ የሚመስሉ ልጆች። ወታደር የነበረ ሁሉ እጁን እንዲሰጥ ተነገረ። ሕዝቡ በደል አልሠራም ብሎ የመሰከረለት ይለቀቃል፤ በደል የሠራ ይታሰራል ተባለ። ይኼ በግቢያችን ሲወራ እኔና አማል በጋሽ ከድር ቤት መደብ ሥር ተጋድመን ጠጠር እንጫወት ነበር። ትልልቆቹ ከላይ ተቀምጠዋል፤ የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው።

«ሾፌር ነበር እንላለን» አለች እናቴ። «ሾፌርን ማንም ምንም አይለውም። ሰፈሩም ተስማምቷል። አቶ በቀለም እናገራለሁ ብለዋል። ግን ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ካልተናገሩ የማንም ቃል ሚዛን አይደፋም።»

«ጥሩወርቅ፣ እኔ ተነሥቼ ስናገር ወላሂ ብዬ ነው የምናገረው። ወላሂ ሳልል ብናገር የገዛ ጎረቤቴ ነገር እንዳለ ይጠረጥራል። ያላየሁትን ደግሞ በአላህ ስም አልልም። ገበያ ላይ እንኳ ብዬ አላውቅም።»

«አያስቸግሯቸው ጥሩዬ» አለ አባቴ። «እሳቸው ልክ ናቸው።»

እትዬ ቡሽራ በሐረሪ ፈጠን ብለው አንድ ነገር አሉ። ጋሽ ከድር መጀመሪያ «አስተግፊሩላህ!» አሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ሳቁ። የእግራቸው ጣቶች ሲንቀሳቀሱ አየሁ።

«ሃምሳ አለቃ፣ መንዳት ትችላለህ?»

«እንዴታ። ሾፌራችን ሲቆስል እኔ ነበርኩ የምነዳው።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት የእኔን ፊያት ንዳ። ሽንኩርት ከሸዋ በር ወደ ጊደር መጋላ ታመጣለህ። እኔ ቆሜ በዓይኔ ልይህ። ያየሁትን እናገራለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

መደቡ ሥር ተኝታ ይኼን የሰማች ልጅ ምን ተረዳች? አባቷን ዝቅ ሊያደርጉት መሆኑን። ሰባት አውሮፕላን የጣለን ሰው ሽንኩርት ሊያስጭኑት፣ እናቷም በደስታ ልታለቅስ።

በማግስቱ በሽርጥ ሆኖ ያንን የጋሽ ከድር አሮጌ ፊያት አስነሣ። እኔና አማል ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ከድር ሸዋ በር ጥግ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ከአባቴ ሳይነቅሉ ያያሉ፤ ሰው ሰላም ሲላቸው እንኳ ዞር አላሉም። ጊደር መጋላ ስንደርስ በሌላ መኪና ቀድመውን ኖሮ እዚያም ቆመዋል። አባቴ ወርዶ ጆንያውን በጀርባው ተሸክሞ ሲያወርድ ሳያዩ የቀረ ነገር የለም። እኔ ደግሞ አሁን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ የክፍሌ ልጆች ከቅመማ ቅመሙ ተራ ሆነው ያዩኛል።

አማል በክፋት አልነበረም፤ ደስ ብሏት ነው። «አባትሽ የእኛ ሾፌር ሆነ! በየቀኑ መኪና ላይ እንወጣለን!» አለችኝ። ጠጉሯን ይዤ ወደ ጆንያዎቹ መካከል ጣልኳት። እትዬ ቡሽራ አላቀቁን። ማታ አባቴ ሸንኮራ ገዝቶ ሲሰጠኝ እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። ሸንኮራውን መደቡ ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ ዝንብ ወረረው። በአባቴ ያፈርኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

ከዚያ እጁን ሰጠ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የጦር ሰፈር ውስጥ ከብዙ ወታደሮች ጋር ያዙት፤ እናቴ ስንቅ ታመላልሳለች። ሰኔ ውስጥ የሰፈራችን ተራ ደረሰና ሕዝቡ አዳራሽ ተጠራ። እናቴ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበራት ይዛኝ ሄደች። «ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ፤ ዛሬ አባትሽን ይዘነው እንመለሳለን» አለችኝ።

አዳራሹ በሰው ታፍኖ ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የእርጥብ ጋቢና የላብ ሽታ አለ። እስረኞቹ ከፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ሴት ታጋይና ጠጉሩ የሸበተ ሰውዬ አሉ። ስም ይጠራል፣ ሰውዬው ይነሣል፣ የሚያውቀው ሰው ይናገራል። አንዳንዱ ተጨብጭቦለት ወደ ቤተሰቡ ይቀላቀላል። አንዱ ላይ ግን አንዲት ሴትዮ ተነሥተው «ልጄን የት አደረስከው?» ሲሉ ሰውዬው ወደ ጎን ተወሰደ።

«ኃይለመስቀል» ተባለ። አባቴ ተነሣ። ከስቷል፤ የጋሽ ከድር ሸሚዝ አሁንም ላዩ ላይ ነው።

አቶ በቀለ ተናገሩ። ቀጥለው ጋሽ ከድር ተነሡና ኮፊያቸውን አስተካክለው ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። «ወላሂ! ይኼን ሰው በዓይኔ ያየሁት መኪና ሲነዳ ነው። ወላሂ፣ ሽንኩርት ጭኖ ሲያራግፍ አይቻለሁ። ከጎረቤት ጋር ሲጣላ አላየሁም» አሉ። ከኋላ «እውነት ነው!» «ሾፌር ነው! ምን አጠፋ?» የሚል ድምፅ ተነሣ። ሰፈሩ በሙሉ ነበር፤ ያኔ ፈላና በር ላይ መሣሪያውን ከበው የሳቁት ሰዎች በሙሉ። ከጋሽ ከድር በቀር ሰባቱን ቀለበት ያላየ አልነበረም፤ አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። ያን ያህል ሰው ለአንድ ባዕድ ወታደር አንድ ላይ ዝም ማለቱን ዛሬም ሳስበው እገረማለሁ።

ሴቲቱ ታጋይ ፈገግ ልትል ደረሰች። «እሺ፤ ሾፌር» አለች ለሽበታሙ ሰውዬ።

እኔ ግን ፊቴ እሳት ሆነ። ሽንኩርት! በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ እነዚያ የክፍሌ ልጆች አባትና እናት ባሉበት፣ አባቴን ሽንኩርት አራጋፊ አደረጉት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እንዲህ ሲዋረድ የሚናገርለት አንድ ሰው እንኳ መጥፋቱ አናደደኝ። አግዳሚው ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

«አባቴ ሾፌር አይደለም!» አልኩ። «ተኳሽ ነው! ዙ-23 ነው የሚተኩሰው! ሰባት አውሮፕላን ጥሏል!»

የእናቴ እጅ ቀሚሴን ያዘ፤ ግን ዘግይቷል። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሴቲቱ ታጋይ ከጠረጴዛው ተነሥታ ወደ እኔ ትንሽ ቀረበች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ያ ነው ያሳሳተኝ።

«ሰባት መሆኑን እንዴት ዐወቅሽ?»

«መሣሪያው ላይ ተቀብቷል። ቆጥሬዋለሁ። ወንበሩ ላይም ተቀምጫለሁ።»

«ጎበዝ። የማን አውሮፕላን ነበር?»

«የወንበዴ!»

አንድ ሰው ከኋላ «ኡፍፍ» አለ። «እኛ አውሮፕላን አልነበረንም፣ እኅቴ» አለችኝ ሴቲቱ።

አሰብኩ። በዚያ ሰዓት እንኳ አሰብኩ። «አባቴ ጨርሶት ነዋ!» አልኩ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሳያስበው አምልጦት ይመስለኛል። እሷ አልሳቀችም። ለሽበታሙ ሰውዬ ጎንበስ ብላ በጆሮው ተናገረች። አባቴን ወደ ጎን ወሰዱት፤ ወደዚያኛው ወገን። ሲሄድ ዞር ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ኮርቶብኝ ነው ብዬ እጄን አውለበለብኩለት።

ቤት ስንገባ እናቴ አልመታችኝም። ብትመታኝ ደግ ነበር፤ ጥፋት እንዳለ ዐውቅ ነበር። ለአማል «አባቴን ለራሳቸው ሊያስተኩሱት ወሰዱት» አልኳት። እሷም አመነችኝ። ረመዳን ሳይሆን ጋሽ ከድር ሦስት ቀን ጾሙ። «ምነው?» ብዬ እትዬ ቡሽራን ስጠይቃቸው «ዝም በይ የኔ ልጅ፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው» አሉኝ። ከእኔ ጋር የተኳረፉ መስሎኝ በግቢው ሲያልፉ እደበቅ ነበር። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ከእኔ ጋር ምንም አልነበራቸውም። በዓይናቸው ያዩትን እውነት ተናግረው፣ ያ እውነት ግን ሰው ለማሳሳት የተዘጋጀ ስለነበር ከፈጣሪያቸው ጋር ሊታረቁ ነበር የጾሙት። ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ሸፍኖ ሳለ ውሸታም የተባሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

አባቴ አራት ዓመት ታሰረ። እኔ አውሮፕላኖቹን እስከ ዐሥረኛ ክፍል ድረስ አምኛቸዋለሁ፤ ማመን አይባልም፣ እንዳላስባቸው አስቀምጫቸው ነበር። አንድ ቀን ሸዋ በር ሚኒባስ ስጠብቅ ተስፋዬን አገኘሁት፤ ተሳፋሪ እየጠራ ያስጭናል። አወቀኝ። ሻይ ጋበዘኝና አሁንም እየቀለደ ሳለ ስለ ቀለበቶቹ ጠየቅኩት። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ።

«አንዱ ቀለበት አንድ ቦታ ነው» አለኝ። «ጦሩ ማለፍ ሲያቅተው እኛን ይጠሩናል፤ ሰው እስኪበተን እንተኩሳለን። አውሮፕላን መምቻ ሰው ላይ ሲተኮስ ምን እንደሚሆን አትጠይቂኝ። ቀለበቱን የምቀባው እኔ ነበርኩ። ልጅነት ነው።»

«ሰው ማለት ታጋይ?»

«ከሩቅ ማን ያውቃል» አለና ሚኒባሴን ጠራልኝ።

ቤት ገብቼ አባቴን ሳየው በዚያች ሰዓት የሠራውን ሁሉ ፊቱ ላይ ያየሁ መሰለኝ። ከእስር ከወጣ ጀምሮ የጋሽ ከድርን ፊያት ይነዳ ነበር፤ አሁን ሾፌር መሆኑን የሚጠራጠር የለም። እጁን ታጥቦ እራት ሊቀርብ ሲል ተነሥቼ ወጣሁ። ያሳሰርኩት እኔ ነኝ፣ ያፈርኩበትም እኔ ነኝ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ስላቃተኝ አንዱንም አላነሣም። እሱ ግን አንዳንዴ ይሞክር ነበር። «ኤልሲ፣ ያ መሣሪያ እኮ…» ይላል። «አባዬ፣ ያለፈ ነገር ይቅር» እላለሁ። እየዋለ እያደረ መሞከሩን ተወ። ሰው ደግሞ «እንዴት ያለች አባቷን የምታከብር ልጅ!» ይለኛል።

እንግዲህ ትናንት ቅዳሜ ናትናኤል ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ፣ ፎቶውን አጠገቡ አድርጎ፣ አባቴን በቀኝ ጆሮው በኩል አስቀምጦ መጠየቅ ጀመረ። እኔ ጓዳ ድንች እልጣለሁ፤ በሩ ክፍት ነው።

«አባባ፣ ስንት ሰው ነው የሚያስፈልገው?»

«ሁለት ሰው መሣሪያው ላይ ይቀመጣል። አንዱ ያነጣጥራል፣ አንዱ ርቀት ይሞላል። አጉራሾች አሉ፤ ሾፌር አለ።»

ደስ ብሎት ነበር። ድምፁን እንዲህ ሞቆ ሰምቼው አላውቅም። አፈሙዙ ሲግል እንዴት እንደሚቀየር፣ አቧራ ሲገባው እንዴት እንደሚነክስ፣ ኦራሉ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚያቃስት እየተነሣ እየተቀመጠ ያስረዳል። ናትናኤል ይጽፋል። ስንት ዓመት ሙሉ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ድንቹን መላጥ አቃተኝ።

«ወደ ላይ እስከ የት ይነሣል?»

«ቀጥ ብሎ ሰማይ ድረስ።»

«ወደ ታችስ? እሱንም ይጠይቃሉ።»

«ወደ ታች ብዙ አይወርድም። ግን የመኪናውን የጎን ሳንቃ አውርደህ፣ ኮረብታ ጫፍ ላይ ካቆምከው ሸለቆ ውስጥ ያለውን ትመታለህ።»

ናትናኤል ሳቀ። «ሸለቆ ውስጥ አውሮፕላን ምን ይሠራል?»

አባቴ ፎቶውን ወደ ራሱ ሳበው።

«አውሮፕላን አይደለም» አለ። «አውሮፕላን አልነበራቸውም። እኔ አንድም ቀን አውሮፕላን ተኩሼ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ነበር የምትተኩሰው?»

«ሰው ነዋ።»

የናትናኤል ጣቶች ቆሙ። «ጠላት ነው አይደል፣ አባባ? ወታደር?»

«መሣሪያ የያዘ ነበር። ከብት የሚነዳም ነበር። አንድ ቀን ደግሞ የገበያ ቀን ሆኖ ተገኘ። በመነጽሩ ስታይ ሰው ሲሮጥ ነው የሚታይህ፤ ማን እንደሆነ አይነግርህም። ትእዛዝ ነበር። ቢሆንም ፔዳሉን የረገጠው የእኔ እግር ነው።»

«እንግዲያው ልተወው?» አለ ልጄ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«አትተወው። የነገርኩህን እንዳለ ጻፈው። ፎቶውንም ላከው። ከሥሩ ስሜን ጻፍ፤ ሃምሳ አለቃ ኃይለመስቀል ብለህ። የአባቴንም ስም እነግርሃለሁ።»

«ዓለም ሁሉ ያነበዋል እኮ።»

«ያንብበው። አንድ ሰው ይወቀው።»

ቢላዋውን እንደያዝኩ ሳሎን ገባሁ።

«ስሙ ይቅር!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። «መኪናውን ጻፍ፣ አፈሙዙን ጻፍ፣ ጎማውን ጻፍ። የምን ስም ነው? እኔ እዚህ ከተማ አስተምራለሁ፣ ሰው ያውቀናል፣ ነገ ደግሞ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ጠያቂ ከመጣ ሾፌር ነበር በል። ሾፌርም ነበር እኮ!»

ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። አባቴ አየኝ። ናትናኤል አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ።

«ያለችህን አድርግ» አለው አባቴ። ልጄ ስሙን ፊደል በፊደል አጠፋው፤ ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቶ ታቅፎት ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ቢላዋውን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«አባዬ፣ ያኔ አዳራሹ ውስጥ…» አልኩ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን አፌን ስከፍት የመጀመሪያዬ ነው። «ልጅ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩህ።»

«ያሳሰረኝ የሠራሁት ነው። አንቺ ምን አደረግሽ?» አለ። በትሩን ከወንበሩ ጀርባ አንሥቶ ቀስ ብሎ ቆመ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ያን ቀን ግን አላፈርሽብኝም ነበር» አለኝ።